ክኑት ሮክኒ እና በምድር ባቡር የመጡት ደጋፊዎቹ



ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ አዘጋጆቹ ሲጠይቁኝ፣ ከራሳችን ታላላቅ ሰዎች አንዱን ያነሳል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ የመረጥኩት ግን ኖርዌይ ተወልዶ ቺካጎ ያደገ የኮሌጅ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ክኑት ሮክኒ ይባላል። ከሞተ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ለዓመታት ለኖርነው ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ጥቅምት ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማያዊና ወርቃማ ለብሶ ቴሌቪዥን ፊት ሲሰየም ማየት ለምደናል። እኔም ስኖር ስኖር ከእነሱ አንዱ ሆኛለሁ። ኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን አንዲት ቀን እንኳ ተምሬ አላውቅም። ሮክኒን ሮክኒ ካደረጉት ሰዎችም ብዙዎቹ እንደኔው የዩኒቨርሲቲውን በር ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። የሳበኝም ይኸው ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንድ ሁለት ቃል ልበል። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ ሁለት ጫፏ የሾለ ናት፤ ታቅፈዋት ይሮጣሉ፣ ይወረውሯታል፣ በእግር የሚመቷት አልፎ አልፎ ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆኖ እየተጋፉ ወደ ተጋጣሚ ክልል መግፋት ነው ጨዋታው። ዛሬ ገንዘቡም ዝናውም ያለው ባለሙያዎቹ ክለቦች ዘንድ ነው፤ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ ግን እነዚያ ክለቦች ገና አልጠነከሩም። ሕዝቡ ነፍሱን የሚሰጠው ለኮሌጆቹ ቡድን ነበር።

ሮክኒ የተወለደው ማርች 4 ቀን 1888 ቮስ በምትባል የኖርዌይ ከተማ ነው። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበሩ። በ1893 ቺካጎ ላይ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲካሄድ የእጃቸውን ሥራ ለማሳየት ባሕር ተሻግረው መጡ፤ አገሩን ወደዱት፣ ሚስትና ልጆቻቸውንም አስመጡ። ክኑት ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ሎጋን ስኩዌር በሚባለው የስደተኞች ሠፈር ከአይሪሽና ከስካንዲኔቪያ ልጆች ጋር ሲጋፋ አደገ። ወላጆቹ ፉትቦል አደገኛ ነው ብለው ከለከሉትና ቤዝቦል እንዲጫወት ፈቀዱለት። ታዲያ አፍንጫውን የሰበረው የቤዝቦል ዱላ ሆኖ ቁጭ አለ! ፎቶግራፉን ያየ ሰው ያንን ጠፍጣፋ አፍንጫ አይረሳውም። ልጁም ወላጆቹን በዚሁ ተከራክሮ ወደ ፉትቦል ተመለሰ ይባላል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ቺካጎ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲለይ፣ ሲያድር፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ሲያጠራቅም ቆየ። ሐሳቡ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበር። ጓደኞቹ ኖተር ዴም ርካሽ ነው፣ ሥራም ይገኛል ብለው አሳመኑትና በ1910 ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ደረሰ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሥራ ወጥቶ ዘግይቶ ትምህርት የገባ ሰው ከልጆች መሀል ሲቀመጥ የሚሰማውን ስሜት በመካከላችን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ፀጉሩ ገና በወጣትነቱ መሳሳት ጀምሮ ነበር፤ ሃይማኖቱም ሉተራን ነው። የገባበት ትምህርት ቤት ደግሞ የካቶሊክ ካህናት ያቋቋሙት፣ ስሙ እንኳ በፈረንሳይኛ እመቤታችን ማለት የሆነ ነው።

የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ እያጸዳ ከፈለ። ዋሽንት የሚመስለውን ፍሉት በትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ነፋ። መምህሩ አባ ጁልየስ ኒውላንድ ነበሩ፤ በአሲቲሊን ጋዝ ላይ ያደረጉት ምርምር ኋላ ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት መሠረት የሆነው ታላቁ ሊቅ። ሮክኒ በ1914 ፋርማሲ አጥንቶ በከፍተኛ ማዕረግ ሲመረቅ እዚያው ኬሚስትሪ እያስተማረ በትርፍ ጊዜው ቡድኑን በረዳትነት እንዲያሠለጥን ተቀጠረ። መምህራኖቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ኳስ ሜዳ ላይ የወጣው ከቤተ ሙከራ ነው። በኋላም ስልቱን ሲያስረዳ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየቆጠረ፣ ልክ እንደ ኬሚስትሪ ቀመር ነበር።

ተጫዋች ሳለ የሠራው አንድ ነገር ስሙን አስጠራ። በ1913 ክረምት ከጓደኛው ከገስ ዶሬ ጋር ኦሃዮ ውስጥ ሲዳር ፖይንት በሚባል የሐይቅ ዳር መዝናኛ ተቀጥረው ሲሠሩ፣ በዕረፍት ሰዓታቸው አሸዋው ላይ ኳስ መወራወር ተለማመዱ። ኳስን ወደፊት መወርወር ከ1906 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ፈልሳፊዎቹ እነሱ ናቸው የሚለው ተረት ነው። ግን እየሮጠ ያለን ሰው አስልቶ እጁ ላይ ማሳረፍን እንደነሱ አጥብቆ የያዘው ጥቂት ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 1913 የዌስት ፖይንትን ጦር አካዳሚ ቡድን ገጠሙ። የጦሩ ልጆች ግዙፎች ናቸው፣ ኖተር ዴምን ከነመኖሩም የሚያውቀው የለም። ዶሬ ይወረውራል፣ ሮክኒና ጓደኞቹ ይቀበላሉ። 35 ለ 13! በማግስቱ የኒውዮርክ ጋዜጦች ይህ ኖተር ዴም የሚሉት ከየት መጣ አሉ።

በ1918 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ 105 ጨዋታ አሸነፈ፣ 12 ተሸነፈ፣ 5 አቻ ወጣ፤ አምስት የውድድር ዘመን ያለ ሽንፈትና ያለ አቻ ጨረሰ። ቁጥሩን በዚሁ እለፈው።

አሁን ወደ ደጋፊዎቹ ልምጣ፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ ተጫዋች ማንሳት አለብኝ። ጆርጅ ጊፕ ከሚሺጋን ሰሜን፣ ከመዳብ ማዕድን አገር የመጣ ልጅ ነበር። ለቤዝቦል ነው የመጣው። ሮክኒ አንድ ቀን ሜዳ ዳር ብቻውን ኳስ ሲመታ አይቶ ወደ ራሱ ቡድን ሳበው። እንዲህ ዓይነት ችሎታ በዘመን አንድ ጊዜ ነው የሚታየው፤ ይሮጣል፣ ይወረውራል፣ ይመታል፣ ይከላከላል። ክፍል መግባት ግን አይሆንለትም! ቢሊያርድ ቤትና ቁማር ቤት ነው የሚገኘው። በ1920 መጀመሪያ ከክፍል በመቅረቱ ዩኒቨርሲቲው አባረረው። እንግዲህ የሳውዝ ቤንድ ነጋዴዎችና ታላላቅ ሰዎች ተሰብስበው ልጁ ይመለስልን ብለው ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አቤት አሉ። ተመለሰ። መምህር ብሆን ኖሮ ይህ ነገር ደስ አይለኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ ደስ አይለኝም። የደጋፊ ፍቅር መልካሙን ከመጥፎው ለይቶ አይመጣም፤ ያው አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊፕ በጉሮሮ ሕመምና በሳንባ ምች ተኛ። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም። ዲሴምበር 14 ቀን 1920 በሃያ አምስት ዓመቱ ሞተ። ተማሪው በሙሉ አስከሬኑን እስከ ባቡር ጣቢያ በእግሩ ሸኘ። ሳይመረቅ የሞተ ነው ጊፕ፤ ግን የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ አይደለም ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ኖተር ዴም ያኔ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። የአካባቢው ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመሠረቱት የስፖርት ማኅበር አባልነት ሲጠይቅ አልተቀበለውም። ስለዚህ ሮክኒ ቡድኑን ባቡር ላይ አሳፍሮ ወደሚጫወቱት ሁሉ ይጓዝ ጀመር፤ ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሌላ ጊዜ አትላንታ፣ ሌላ ጊዜ ሎስ አንጀለስ። ከዘመናችን አንጻር ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን በባቡር ካሊፎርኒያ ደርሶ መመለስ ብቻ የቀናት ጉዳይ ነው። ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ ሰው ይጠብቃቸው ነበር። ማን ነበር የሚጠብቃቸው? አይሪሾች፣ ጣሊያኖች፣ ፖላንዶች። የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የልብስ አጣቢ ልጆች፣ የሰበካ ቄሶች። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ልጅ የሚሄድበት ቦታ የሆነባቸው ስደተኞች።

ዘመኑ ለእነዚህ ሰዎች ክፉ ነበር። ክው ክሉክስ ክላን የሚባለው ድርጅት በ1920ዎቹ በተለይ ኢንዲያና ውስጥ ገንኖ፣ ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ካቶሊኩን፣ አይሁዱንና አዲስ መጡን ሁሉ አሜሪካዊ አይደላችሁም ይል ነበር። በሜይ 1924 እዚያው ሳውዝ ቤንድ ሊሰለፉ ሲመጡ የኖተር ዴም ተማሪዎች መንገድ ላይ ገጥመው በትነዋቸዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቡድኑ ኒውዮርክ ፖሎ ግራውንድስ በሚባለው ሜዳ የዌስት ፖይንትን ቡድን 13 ለ 7 አሸነፈ። ስቱልድሬየር፣ ሚለር፣ ክራውሊና ሌይደን የሚባሉትን አራት አጥቂዎች አንድ ታዋቂ የስፖርት ጸሐፊ ከዮሐንስ ራእይ አራቱ ፈረሰኞች ጋር አመሳስሎ ጻፈባቸው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አንዳቸውም 75 ኪሎ አይሞሉም ነበር። ቡድኑ ያንን ዓመት ሳይሸነፍ ጨርሶ በጃንዋሪ 1 ቀን 1925 ፓሳዴና ካሊፎርኒያ ላይ ስታንፎርድን 27 ለ 10 ረታ። ለአንድ የብሩክሊን አይሪሽ ወዛደር ይህ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ልጁ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ እሱም አልገባም፤ ግን ዩኒቨርሲቲ አለው።

ከዌስት ፖይንት ጋር የሚደረገው ጨዋታ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ኒውዮርክ ላይ ሆነ፤ ከ1925 ጀምሮ በያንኪ ስታዲየም። ደጋፊው በምድር ውስጥ ባቡር ተጭኖ ከብሩክሊን፣ ከብሮንክስ፣ ከማንሃተን ይጎርፋል። እነዚህን ሰዎች አሜሪካኖች ሰብዌይ አሉምናይ አሏቸው፤ የምድር ባቡር ምሩቃን እንደማለት ነው። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ የክብር ስም ሆነ። ተፋላሚ አይሪሾች የሚለው የቡድኑ ቅጽል ስምም እንዲሁ ነው፤ ሲጀመር ስድብ ነበር፣ በ1927 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በይፋ ተቀበሉት። ሮክኒ ራሱ አይሪሽ አይደለም፣ እስከ 1925 ኅዳር ድረስ ካቶሊክም አልነበረም። ስደተኛ መሆኑ ግን ከሁሉም ጋር አንድ አደረገው።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የኛ ማኅበር ስብሰባ ትዝ ይለኛል። በየዓመቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዲግሪ ያልያዘ ሰው ሙሉ አባል ይሁን ወይስ አይሁን? በኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥተው ወደ ክፍል ያልተመለሱ አሉ። ታስረው የቀሩ አሉ። ድንበር አቋርጠው ሱዳን የገቡ አሉ። ዛሬ ዲሲ ታክሲ የሚነዳ፣ ለተማሪዎች መጻሕፍት መላኪያ ገንዘብ ስንሰበስብ ግን ከሁላችን ቀድሞ የሚያዋጣ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የተማረው። በመተዳደሪያ ደንባችን እሱ ታዛቢ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜን ደብቄ አላውቅም፣ በዚህ ዓመት ጉባኤም እጄን አወጣለታለሁ። ተቃራኒውን የሚሉት ወንድሞቼም ምክንያት አላቸው፤ የምሩቃን ማኅበር ስሙ ራሱ ምሩቅ ይላልና። ወደ ሮክኒ ልመለስ።

ሮክኒ መልአክ አልነበረም። ደጋፊው የሚያመልከው ያህል እሱም ራሱን በጥሩ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ለጋዜጣ ይጽፋል፣ የመኪና ፋብሪካ ሻጮችን በንግግር ያነቃቃል፣ የሥልጠና ካምፕ ይከፍታል። በ1925 መጨረሻ ኒውዮርክ ከሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል ፈረመ። ለኖተር ዴም አልነገረም። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሁለቱም ወገን አፈረ፤ ኮሎምቢያ ውሉን ተወለት፣ እሱም ወደ ሳውዝ ቤንድ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የባሰ መጣ። ቡድኑ በ1926 ያለ ሽንፈት እየገሰገሰ ሳለ ካርኔጊ ቴክ የሚባለውን ቡድን ፒትስበርግ ላይ ለመግጠም ተያዘ። ሮክኒ ተጋጣሚውን ናቀና ልጆቹን ለረዳቱ ሰጥቶ እሱ የጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎችን ጨዋታ ለማየት ቺካጎ ሄደ። ካርኔጊ ቴክ 19 ለ 0 አሸነፈ። ያ ሽንፈት የዓመቱ ብቸኛው ነበር።

ደጋፊው ተቆጣ፣ ግን አልከዳውም። ይህን ሳስብ ይገርመኛል። ገንዘብ የከፈለው፣ በብርድ የተሰለፈው እሱ ነው፤ አሰልጣኙ ሌላ ጨዋታ ሊያይ ሄዷል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ቺካጎ ሶልጀር ፊልድ ላይ የደቡብ ካሊፎርኒያን ቡድን ሲገጥሙ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ። 7 ለ 6 አሸነፉ። ደጋፊነት ስሌት ቢሆን ኖሮ በ1926 ነበር የሚያበቃው።

ከዚያ 1928 መጣ። የሮክኒ መጥፎ ዓመት። ጎበዞቹ ተመርቀው ሄደዋል፤ ቡድኑ በዚያ ዓመት አምስት አሸንፎ አራት ተሸነፈ፣ በሮክኒ ዘመን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህን ያህል አልተሸነፉም። ኖቬምበር 10 ቀን ያንኪ ስታዲየም ላይ ያልተሸነፈውን የዌስት ፖይንትን ቡድን ሊገጥሙ ሲወርዱ ሁሉም ያዘነላቸው ነበር። ስታዲየሙ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የምድር ባቡር ምሩቃን የመጡት ሊያሸንፉ አይችሉም እየተባለ ነው። በዚያ ቀን ነው ሮክኒ መልበሻ ክፍል ውስጥ ስለ ጊፕ የነገራቸው። ስምንት ዓመት በሆዱ ይዞት የቆየ ነገር ነው አላቸው፤ ጊፕ አልጋ ላይ ሆኖ፣ አንድ ቀን ነገር ሁሉ ሲጠምባቸው ልጆቹ ስለ እሱ ብለው እንዲያሸንፉ እንዲነግርለት አደራ እንዳለው። አረጋውያን ጋዜጠኞችና በር ላይ የቆሙ ፖሊሶች ሳይቀሩ አለቀሱ ይባላል። ጦሩ መጀመሪያ 6 ለ 0 መራ፤ ኖተር ዴም ሁለት ጊዜ አግብቶ 12 ለ 6 ወጣ።

ጊፕ ያን አደራ በእርግጥ ብሎ ነበር ወይ? የሮክኒን ሕይወት የመረመሩ ብዙ ሰዎች ይጠራጠራሉ። የሰማ ሌላ ሰው የለም። ጊፕ ራሱን በቅጽል ስሙ ጊፐር ብሎ የሚጠራ ዓይነት ሰው አልነበረም ይላሉ የሚያውቁት። ሮክኒ ደግሞ ልጆቹን ለማነሳሳት ነገር ፈጥሮ መናገር የሚችል ሰው መሆኑ የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ጤነኛ የሆነውን ልጁን ታሟል ብሎ ቡድኑን አስለቅሷል። እኔ እንደማየው ከሆነ አደራው የጊፕ ባይሆን እንኳ ዕዳው እውነት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለዚያ ልጅ አቤት ብሎለታል፣ ሸኝቶታል፣ ቀብሮታል። የፊልም ሰዎች ይህን ታሪክ በ1940 ሠርተውት ጊፕን ሆኖ የተጫወተው ሮናልድ ሬገን ነው፤ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላም ጊፐር የሚለው ስም አብሮት ኖሯል።

1929 ሌላ ፈተና ነበር። የድሮው የእንጨት ሜዳ ፈርሶ አዲስ ስታዲየም ስለሚሠራ ኖተር ዴም ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ቤቱ አልተጫወተም። ሮክኒ ደግሞ እግሩ ላይ የደም ሥር መርጋት ያዘውና ሐኪሞች ከአልጋ አትነሳ አሉት፤ የረጋው ደም ወደ ልብ ከሄደ ይገድላል። አንዳንድ ጊዜ በስልክ፣ አንዳንድ ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ አሠለጠነ። ፒትስበርግ ላይ፣ ያንኑ ካርኔጊ ቴክ ሲገጥሙ፣ ሰው ተሸክሞ መልበሻ ክፍል አስገባው። ዘጠኙንም አሸነፉ። ደጋፊው ቤት ከሌለው ቡድን ጋር በየከተማው ዞረ። በጥቅምት የአክሲዮን ገበያው ወድቆ ሥራ አጥነት ሲጀምር እንኳ ትኬቱ ይሸጥ ነበር።

54,000 ያህል ሰው የሚይዘው አዲሱ ስታዲየም በኦክቶበር 1930 ተከፈተ። ሮክኒ ለዓመታት አስተዳደሩን ሲያስቸግር፣ ካልተሠራ እለቃለሁ እያለ ሲዝት የኖረበት ነው። በዚያ ዓመትም አልተሸነፉም። ዲሴምበር 6 ሎስ አንጀለስ ላይ የደቡብ ካሊፎርኒያን ቡድን 27 ለ 0 አሸንፈው በባቡር ሲመለሱ ቺካጎና ሳውዝ ቤንድ በሰው ተጥለቀለቁ። ይህ የሮክኒ የመጨረሻው የውድድር ጨዋታ ሆነ።

የመጨረሻው ሜዳ ላይ የቆመበት ቀን ግን ከዚያ ስምንት ቀን በኋላ ነው፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የኒውዮርክ ከንቲባ ለሥራ አጦች ዕርዳታ ማሰባሰቢያ ጨዋታ አዘጋጁ። ሮክኒ አራቱን ፈረሰኞች ጨምሮ የቀድሞ ተጫዋቾቹን ከያሉበት ጠራ፤ ገሚሱ ወፍሯል፣ ገሚሱ ጠበቃና አሰልጣኝ ሆኗል። የተጋጠሙት ጃያንትስ የሚባለውን የባለሙያዎች ክለብ ነው። 22 ለ 0 ተሸነፉ፣ ኳስ እንኳ በቅጡ አልያዙም። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ግን በዚያ የችግር ዘመን ከኪሱ አውጥቶ ገብቷል፤ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ቀኑ ዲሴምበር 14 ነበር። ጊፕ ከሞተ ልክ አሥር ዓመት።

ማርች 31 ቀን 1931 ሮክኒ ስለ ኖተር ዴም በሚሠራ ፊልም ላይ ለማገዝ ወደ ሎስ አንጀለስ በረረ። ካንሳስ ሲቲ ሲደርስ እዚያ የሚማሩት ሁለት ልጆቹ የሚመጡበት ባቡር ዘግይቶ ስለነበር ሳያያቸው ወደ አውሮፕላኑ ሄደ። አውሮፕላኑ ፎከር የሚባል ባለ ሦስት ሞተር ነበር፤ ክንፉ ከእንጨት የተሠራ። ካንሳስ ውስጥ ባዛር በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ፣ የከብት መሰማሪያ ላይ፣ ክንፉ አየር ላይ ተገነጠለ። የእንጨቱ መጋጠሚያ ሙጫ በእርጥበት ሳይላላ አልቀረም ተባለ። ስምንቱም ሰዎች ሞቱ። ሮክኒ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት በሬዲዮ ለመላው አሜሪካ ተላለፈ። ሣጥኑን የተሸከሙት በ1930 የተጫወቱት ልጆቹ ናቸው። የኖርዌይ ንጉሥ ተወካይ ላኩ። ፕሬዚዳንት ሁቨር የሐዘን መልእክት ላኩ። ሕዝቡ ግን በዚህ አልተወም፤ አውሮፕላኑ ለምን ወደቀ እያለ ጮኸ። እስከዚያ ድረስ መንግሥት የአውሮፕላን አደጋ መንስኤ በይፋ አይናገርም ነበር። ግፊቱ ሲበዛ ተናገረ። የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ለጊዜው ከበረራ ታገዱ፣ የእንጨት ክንፍ ዘመንም አበቃ። የአውሮፕላኑ ባለቤት የነበረው ቲደብሊውኤ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አውሮፕላን ከዳግላስ ኩባንያ አዘዘ፤ ከዚያ ትእዛዝ የተወለዱት ዲሲ-2 እና ዲሲ-3 ናቸው። ዲሲ-3 በጦርነቱ ጊዜ ሲ-47 ሆነ። የኛ አየር መንገድ በ1946 በቲደብሊውኤ አስተዳደር ሥራ ሲጀምር ወደ ካይሮ የበረረው በዚያው ሲ-47 ነው። ታላላቆቻችን ለትምህርት ከአገር ሲወጡ የተሳፈሩበት አውሮፕላን የዘር ሐረግ ካንሳስ ሜዳ ላይ ይጀምራል ማለት ነው።

በዚያች ባዛር አጠገብ ባለች እርሻ የሚኖር አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አደጋው ሲደርስ ከቤተሰቡ ጋር ሮጦ ከደረሱት አንዱ ነበር። በ1935 ቦታው ላይ የድንጋይ ሐውልት ቆመ፤ የስምንቱም ስም ተጽፎበታል። መሬቱ የግል የከብት መሰማሪያ ስለሆነ ያለ መሪ አይገኝም። ያ ልጅ አደገ፣ ገበሬ ሆነ፣ አረጀ። ከመላው አሜሪካ ሰው እየመጣ በሩን ሲያንኳኳ መኪናውን አስነስቶ፣ አጥሩን ከፍቶ፣ ሣሩን አቋርጦ እስከ ድንጋዩ ያደርሰዋል። ገንዘብ አይቀበልም ነበር። በ2008 እስኪሞት ድረስ እንዲሁ አደረገ። ኖተር ዴም አልተማረም።